የበጎ ፈቃደኛው ምሳ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ በስልኳ ፎቶ ያነሳችውን ማስታወቂያ ይዛ ከች አለች። ዘንድሮ ከፔዳ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ተመርቃለች፤ ሥራ ገና አላገኘችም። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያትልኝ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። ማስታወቂያው ስለ ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። እናቷም ተከትለዋት ገብተው ነበርና "ብሔራዊ" የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ልውጥ አለ። "ብሔራዊማ አትሄድም! አንዴ የሄደብኝ ይበቃኛል" አሉ። ወንድማቸው በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል።

ያን ዕለት ቡናው በረካ እስኪደርስ ስናወራ ቆየን። ልጅቷም እናቷም የጠየቁት የብዙ ቤት ጥያቄ መሰለኝ። ስለዚህ ያኔ ያልኩትን፣ ያኔ ሳልለው የቀረሁትንም ጨምሬ ልጻፈው አልኩ።

ከስሙ ልጀምር፤ ግራ መጋባቱ የሚነሳው ከስም ነውና። እኛ ዘንድ "ብሔራዊ አገልግሎት" ሲባል ዕድሜያቸው ገፋ ላሉት ትዝ የሚላቸው በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ የሚመለከት ግዴታ ነበር። አፈሳ የሚባለው ነገር መጣና ስንቱ ወጣት ገበያ እንደሄደ ቀረ፣ ስንቷ እናት ልጇን ጎተራ ውስጥ ደበቀች። እትዬ፣ የልጅቷ እናት፣ ቃሉን ሰምተው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

አሁን የምናወራው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ወጣት ጠመንጃ ሳይዝ፣ ለተወሰኑ ወራት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ወይም አረጋውያን ዘንድ ሄዶ ያገለግላል። በብዙ አገር እንዲህ ያለ አሠራር አለ። በአንዳንዱ አገር ግዴታ ነው፣ በሌላው በፈቃድ። አንዳንዱም ከግዴታ ወደ ፈቃድ ተሻግሯል። ጀርመንን ውሰዱ። ውትድርና ሕሊናዬ አይፈቅድም ያለ ወጣት በምትኩ ሆስፒታል ወይም መጦሪያ ቤት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የውትድርና ግዴታው ሲቆም ያም አብሮ ቆመ፤ ሆስፒታሉና መጦሪያው ግን ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ማንም በፈቃዱ የሚገባበት የፌዴራል አገልግሎት ተከፈተ።

እኛ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ በአንድ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንዱ ሁላችንም የምናውቀው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተማሪው እረፍት ሲወጣ የወጣቶች ጽሕፈት ቤትና ቀበሌው ያስተባብሩታል። የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና፣ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ ትራፊክ ማስተናበር። የምታድሩት ቤታችሁ ነው፤ ደመወዝ የለም። ሁለተኛው ልጅቷ ይዛው የመጣችው ነው። የሰላም ሚኒስቴር "በጎነት ለአብሮነት" በሚል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያካሂደው ብሔራዊ መርሐ ግብር አለ። ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶችን አሠልጥኖ ከትውልድ አካባቢያቸው ውጪ ይመድባል፤ እዚያ ከማኅበረሰቡ ጋር ለወራት ይኖራሉ። የባሕር ዳር ልጅ ሌላ ክልል ይሄዳል፣ የሌላ ክልል ልጅ እዚህ ይመጣል፤ ሐሳቡ ያ ነው። ሦስተኛው የአንድ ቀን ዘመቻ ነው። ቲሸርት ይታደላል፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ተሠርቶ ማታ ይመለሳል። ቀይ መስቀልን የመሳሰሉ ማኅበራት በጎ ፈቃደኞችም አሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ የራሱ የሆነ ሥርዓት ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አዲስ የሚመስለው ካለ ደግሞ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው። በየአውራጃው አስተማሪ ባልነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ገብቶ ሲያስተምር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የተማሩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ።

ከዚያ እድገት በኅብረት መጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ግዴታ ነበር። እምቢ ያለ መማርም መቀጠርም አይችልም ተባለ። ሁለት ወር ከምናምን እንደቆዩ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ዘማቾቹ ድንገት በባለመሬትና በጭሰኛ መካከል ተገኙ። የሞተ አለ፣ ጥሎ የጠፋ አለ። ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር የሄደ ልጅ አገር ሲገለበጥ መሐሉ ላይ ቆመ።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በሌላ መልኩ ይታወሳል። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ነው። ያስተማራት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን ይዞ "ሀ" ሲያስጽፋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር እስከ ዛሬ ታወራለች፤ ፈርቶ ነው፣ በዕድሜ እናቱን ታክላለቻ። በቀጣዩ ዓመት ዘመቻው ከዩኔስኮ የዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አገኘ። የዚያ ሥርዓት ክፋት አይካድም። እናቴ ግን የእድር መዝገብ ላይ በጣት አሻራ ፈንታ ስሟን ትፈርማለች፤ ይህም አይካድም።

ወደ ራሴ ልምጣ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የጣና ሐይቅን የወረረው የእምቦጭ አረም ጉዳይ አገር ባነጋገረበት ሰሞን፣ እኔም ከሠፈር ልጆች ጋር ዘመትኩ። በወረታ በኩል አልፈን ወደ ፎገራ ዳርቻ ወረድን። እምቦጭን በቴሌቪዥን ላየው ሰው ቆንጆ ነው፤ ሐምራዊ አበባ አለው፣ ቅጠሉ ያብለጨልጫል። ውኃው ውስጥ ገብታችሁ ስትነቅሉት ነው ጉዱ የሚታየው። ግንዱ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዟል። ሥሩ ጥቁር ነው፣ እንደ ፀጉር ተንዘርፍፎ ጭቃ እያንጠባጠበ ይወጣል። አንድ ክንድ ሙሉ ስትይዙ ወገባችሁ ይሰማችኋል። ቦቲ የነበረን አራት አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሌላው ባዶ እግሩን ገባ። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረም።

ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነቀልን። ምሳ የለም። የጠራን መሥሪያ ቤት ምሳ ይመጣል ብሎ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ዝለው ሲቀመጡ አንዲት የዚያው አገር ገበሬ ሴት መሶብ ተሸክመው መጡ። የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ፣ ላዩ ላይ ሽሮ። አትቸገሩ ብንላቸው ቆጣ አሉ። "ለእኔ ሐይቅ መጥታችሁ ጦማችሁን ልትመለሱ? ደቦ የወጣ ሰው ሳይበላ ይሄዳል እንዴ?" አሉን።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር የተናገሩትን ስንት የመርሐ ግብር ሰነድ ስቶታል። ደቦ በነፃ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ግን የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ማረሻ የሌለውን ማረሻ ይሰጣል። ወንፈልም ብትሉ ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ ማሳ ነው፤ የጉልበት ብድር ነው፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። አባቶቻችን ሰው ያለ ክፍያ ሠራ ማለት ሥራው ያለ ወጪ ተሠራ ማለት እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

እና አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። በጎ ፈቃደኛው ደመወዝ ባያገኝም ምሳ ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ይታመማል። ይህን ወጪ ጠሪው ካልቻለው የሚችለው ልጁ ነው፣ ወይም የልጁ እናት ናት። ታዲያ ማን ይመጣል? ቤቱ የደላው ይመጣል። የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ ከከተማው ዳር፣ ከሰባታሚት ወይም ከዘንዘልማ በእግሩ የሚመጣው ልጅ፣ አንድ ሳምንት ይሞክርና ይቀራል። ከዚያ "የዛሬ ወጣት ፍላጎት የለውም" ይባላል። ፍላጎትማ አለው፤ የትራንስፖርት ነው የሌለው።

ነገሩ በአንድ ቀን ዘመቻ ጊዜ ብዙም አይታይም። አንድ ቀን ማንም ተርቦ ይሠራል። ግን ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ስንቱ ነው? ያኔ የነቀልነውን እምቦጭ ከዳርቻው ብዙም ሳናርቅ ከምረነው ሄድን። የሚያርቀው፣ የሚያደርቀው፣ የሚያቃጥለው ሰው ነገ አልመጣም። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ የቀረውን መልሶ ወሰደው። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። እንዲህ ያለ አረም የሚሸነፈው በየሳምንቱ እየተመላለሰ በሚነቅል ሰው ነው። ልጅ ማስጠናትም እንዲሁ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ ማንበብ ያቃተው እንደሆነ በሁለት ቀን አይድንም፤ አንድ አስጠኚ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። አስጠኚው በየሳምንቱ ከተቀያየረ ልጁ ራሱ መምጣት ይተዋል።

ለዚህ ነው አገሮች ወራት የሚቆይ፣ በጀት ያለው አገልግሎት ያቋቋሙት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችውን እዩት። ከ16 እስከ 25 ዓመት ያለ ወጣት በፈቃዱ ይገባል፣ አካል ጉዳተኛ ከሆነ እስከ 30። ከ6 እስከ 12 ወር ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል። መንግሥት በየወሩ የኪስ ገንዘብ ይከፍለዋል፣ ማኅበራዊ ዋስትናም አለው። ደመወዝ ተብሎ አይጠራም፤ ግን ልጁ ምሳውን በልቶ፣ ቢታመም ታክሞ ዓመቱን ይጨርሳል።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ናይጄሪያ ናት። የቢያፍራ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1970 አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1973 መንግሥት ወጣቱ እርስ በርሱ ይተዋወቅ ብሎ ከ30 ዓመት በታች ያለ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁሉ አንድ ዓመት እንዲያገለግል አዘዘ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከራሱ ግዛት ውጪ። በየወሩ አበል አለ። ያለ ምስክር ወረቀቱ ሥራ መቀጠር አይቻልም። እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በዚህ የአገልግሎት ዓመት የተጋቡ፣ ቋንቋ የለመዱ፣ በዚያው የቀሩ አሉ። ሌላውንም አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 ምርጫ ጊዜ አገልጋዮቹ የምርጫ ሠራተኛ ሆነው ተመድበው ነበር፤ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ብጥብጥ 10 የሚሆኑት ተገደሉ። ሰው ቤት የላካችሁትን የሰው ልጅ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ እዚያም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እትዬ ይህን ሲሰሙ "በል እንግዲህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። እኔም ልጅቷን ሂጂ አላልኳትም፣ ቅሪም አላልኳትም። ጠይቂ ነው ያልኳት። ምን እንደምትጠይቅ ግን ነግሬያታለሁ።

መጀመሪያ የጉዳት ነገር። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው በደመወዝ የሚሠራውን ነው። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ቢጎዳ አዋጁ ለሠራተኛ የሚሰጠው የጉዳት ካሳ በቀጥታ አይደርሰውም። ጡረታም አይታሰብለትም። ይህ ማለት ማንም አይጠይቅም ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት ማለት ነው። ከእኛ ጋር እምቦጭ የነቀለ አንድ ልጅ ከወራት በኋላ ሆዱን እያመመው ቢመረመር ብልሃርዚያ ተገኘበት። የጣና ዳርቻ ውኃ ብልሃርዚያ እንዳለው የታወቀ ነው፣ በባዶ እግር መግባት አይገባም ነበር። የታከመው በራሱ ገንዘብ ነው። የጠራን መሥሪያ ቤት ስሙን እንኳ አልመዘገበውም ነበር። ስለዚህ "ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወረቀት ላይ የሠፈረ መልስ ካለ ጥሩ፤ "እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" ከተባለ ደግሞ አሜን ብሎ ጥያቄውን መድገም ነው።

ቀጥሎ ምሳና ትራንስፖርት። አለ የለም? ካለ በየቀኑ ነው በየወሩ? ከትውልድ አካባቢ ውጪ ከሆነ ደግሞ ማደሪያው የት ነው፣ ሴቶች ለብቻ የሚያድሩበት አለ ወይ፣ መሐል ላይ ቤተሰብ ቢታመም መመለስ ይቻላል ወይ። ከዚያ ሥራው። "ማኅበረሰቡን ማገልገል" ሥራ አይደለም። የትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንተኛ ክፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ተጠሪዬ ማን ነው የሚለው ነው ሥራ። ተቀባዩ ቦታ ሰው እንደሚመጣለት ካላወቀ ልጁ እዚያ ደርሶ ወንበር ሲፈልግ ይውላል። የመጣ ልጅ ሥራ አጥቶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠራው አይመጣም።

ስለ ሰርተፊኬትም ልበል። "ተሳትፏል" ብቻ የሚል ሰርተፊኬት ቀጣሪ ዘንድ ብዙ አይናገርም። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ተማሪ፣ ሒሳብ አስጠንቷል የሚል፣ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ይሻላል። የሚጠየቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ነሐሴ ካለቀ በኋላ የሚፈርመው ሰው ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ሥራ ካጣሁ ቆይቻለሁ፣ በነፃ እየሠራሁ ልቆይ ወይ የሚለኝም አለ። ቢሮ ውስጥ የሌላ ሠራተኛ ወንበር ላይ አስቀምጠው ዓመት ሙሉ "በጎ ፈቃደኛ" ካሉህ ያ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ሳይከፈልህ ተቀጥረሃል። በጎ ፈቃድ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የሚረዳውም ሰው ይታወቃል።

ልጅቷ በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጽፋ ነው የሄደችው። ለብሔራዊው የተጻፈ ነገር አላገኘችምና ለዚህ ዙር አልተመዘገበችም፤ ቀጣዩ ሲወጣ እንደገና እጠይቃለሁ ብላለች፣ እትዬም ዝም ብለዋል። ለክረምቱ ግን ሠፈራችን አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ታስጠናለች። ትራንስፖርት የለውም፣ ቅርብ ስለሆነ በእግሯ ነው። ምሳ ተብሎ የተመደበ ነገርም የለም። አብሯት የሚያስጠናው ልጅ ከአባይ ማዶ፣ ከዘንዘልማ ነው የሚመጣው።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት በበራቸው ሳልፍ እትዬ ምሳ ዕቃ እየቋጠሩ ነበር። ትልቁን፣ ባለ ሦስት ድርቡን ነው ያወጡት። "ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ?" አልኳቸው። "የዚያን የዘንዘልማውን ልጅ ምሳም ነዋ የምትይዘው" አሉና ክዳኑን ጫን አድርገው ዘጉት።